ስለ ፈሊጣዊ አነጋገር፤ በማዕድ፣ በስብሰባና በመርዶ ጊዜ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ አነጋገራችን ጥቂት ነገር እንድንናገር ስላዘዘን ከፊታችሁ ቆመናል። እኛ የቋንቋ ሊቅ አይደለንም፤ ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ነገር ግን እስከ ጡረታ ድረስ ዕድሜያችንን ያሳለፍነው በጽሕፈት ሥራ ነው። ማመልከቻ ስንጽፍ፣ ቃለ ጉባዔ ስንይዝ፣ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ደብዳቤ ስናነብ ኖረናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያስተዋልነው ነገር ቢኖር፣ ሰው የሚጣላውም የሚታረቀውም፣ የሚያዝነውም የሚጽናናውም በአብዛኛው በፈሊጥ መሆኑን ነው። ፈሊጡን እናንተ በየቀኑ የምትናገሩት ስለሆነ ነገሩ «ለቀባሪው አረዱት» እንዳይሆንብን እንፈራለን። ያም ሆነ ይህ፣ ቀባሪውም አንዳንድ ጊዜ ቆም ብሎ የሚቆፍርበትን ዶማ ማየቱ አይከፋም።

ፈሊጥ ማለት ምን ማለት ነው?

ፈሊጥ ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ቃላት ተጋጥመው፣ እያንዳንዱ ቃል ለብቻው የሌለውን ትርጉም ሲሰጡ ነው። «እጅ ነሳ» ስንል አክብሮ ሰገደ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ ማለታችን ነው። ቃል በቃል ከሄድን ግን እጁን ከለከለ ማለት ይሆናል። ከለከለ ያልነው ሰው የሚያከብረን ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ፈሊጥን ከሌላው አነጋገር ለመለየት አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። ከቃሎቹ አንዱን አውጥታችሁ ተመሳሳዩን አግቡበት። «ልብ ገዛ» ማለት ብልህ ሆነ፣ ማስተዋል ጀመረ ማለት ነው። «ልብ ሸመተ» ብትሉስ? መግዛትና መሸመት ገበያ ላይ አንድ ናቸው፤ እዚህ ላይ ግን ማንም አይሰማችሁም። «እጅ ነሳ» በሚለው ፈንታ «መዳፍ ነሳ» ብትሉ ሰው ይስቅባችኋል። ፈሊጥ እንደ ድንጋይ ካብ ነው፤ አንዱን ድንጋይ ከመሀል ስትስቡት ሁሉም ይናዳል።

ከምሳሌያዊ አነጋገርም ይለያል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምክሩን በራሱ የጨረሰ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ፈሊጥ ግን ባለቤት ይፈልጋል፤ እገሌ ሆደ ሰፊ ነው፣ እገሊት ዓይን አውጣ ናት እያለ ከሰው ጋር ይጣበቃል። ስለዚህም ነው ተረትና ምሳሌ ሲናገሩት የሚያስከብር፣ ፈሊጥ ግን ያለ ቦታው ሲነገር ዳኛ ፊት የሚያቆም።

ይህን የመሰለውን አነጋገር ሁሉ ለቅመው በመጽሐፍ ያሰባሰቡልን ምሁራን አሉ፤ አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ የአማርኛ ፈሊጦችን መጽሐፍ አዘጋጅተውልናል። እኛ ከዚያ የምንጨምረው የለንም። የምንናገረው በሰፈራችን ስላየነው አጠቃቀም ብቻ ነው።

ሆድ፣ አንጀት፣ ልብና እጅ

በአማርኛ ፈሊጥ ውስጥ የሰው አካል ሁሉ የየራሱ ሥራ አለው። ሆድ የትዕግሥትና የምሥጢር ጎተራ ነው። ሆደ ሰፊ ቻይ ነው፤ ሆደ ባሻ ቶሎ የሚከፋው ነው፤ ሆዱ ባባ ማለት ሊያለቅስ ቀረበ ማለት ነው፤ ሁለት ሰዎች ሲቀያየሙ ሆድና ጀርባ ሆኑ ይባላል፤ የማይነገር ነገር ሲያጋጥም ሆድ ይፍጀው ይባላል። ልብ በሉ፤ ሆደ ሰፊና ሆዳም ሁለቱም ከአንድ ሆድ የወጡ ናቸው፤ አንዱ ምስጋና ሲሆን ሌላው ስድብ ነው።

አንጀት ደግሞ የርኅራኄ ቦታ ነው። የሚያሳዝን ልጅ አንጀት ይበላል፤ የተበደለ ሰው ፍርድ ሲያገኝ አንጀቱ ይርሳል። ልብ በእኛ ዘንድ የማሰቢያ ቦታ ነው። ልብ አለ ማለት አስተዋለ፣ ልበ ቢስ ማለት የማያስተውል ነው። እጅ የሥራና የገንዘብ ነው። ድሃው እጅ ያጥረዋል፤ ሌባው እጁ ይረዝማል፤ ደግ ሠርቶ ምስጋና ያጣው እጁ አመድ አፋሽ ይሆናል።

ፈሊጥ ከኑሮ ነው የሚወለደው። የእኛ ዋግ ዝናብ የሚያጥረው አገር ነው። ስለዚህ የመጣበት ቤት ደስታ ሲገባ «እግረ ርጥብ ነው» ስንል፣ ሌላውን ደግሞ «እግረ ደረቅ» ስንል፣ ሰማዩን እያየን ነው የምንናገረው። ባለ ብዙ ውሃ አገር ያለ ሰው ይህን ሲሰማ እንደ እኛ አይሰማውም። ሐፍረት የሌለውን ሰው «ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ» እንላለን። ጨው በሰቆጣ ዘንድ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ በቅፍለት ተጭኖ ገበያችን ይደርስ ነበር፤ አሞሌውም እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። «ጆሮ ዳባ ልበስ» እንላለን፤ ዳባ ከቆዳ የሚሠራ ልብስ ነው። ዛሬ ልጆቻችን ዳባ ለብሶ የሚሄድ ሰው አያዩም። ልብሱ ቀረ፤ ፈሊጡ ግን አልቀረም።

ዘመንም ፈሊጥ ይሆናል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የከብት እልቂትና ረኀብ አገሩን ሲያጠፋ ሕዝቡ ዘመኑን ክፉ ቀን አለው። ያ ስም ዛሬ ለችግር ጊዜ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል፤ «የክፉ ቀን ወዳጅ» እንላለን። እኛም ያየነው አለ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ስንቱ የዋግ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ኮረም እንደሄደ የማያስታውስ ሽማግሌ የለም። ዛሬ «በሰባ ሰባት» ሲባል ማንም የትኛው ሰባ ሰባት ብሎ አይጠይቅም። ቁጥሩ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ ሐዘን ሆኗል።

በማዕድ ላይ የሚጠራው ሞት

አሁን የእድራችን ወደሆነው ነገር እንግባ። እኛ እድር የምንለውን በወሎ በብዙ ቦታ ቅሬ ይሉታል። ስሙ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው፤ ሰውን በክብር መቅበርና ሐዘንተኛውን ማጽናናት። ስለዚህ ከሰው ሁሉ ይልቅ እኛ ስለ ሞት የሚነገረውን አነጋገር ማወቅ ይገባናል።

እስቲ አስቡት። ሞት የሚለው ቃል ከአፋችን የማይጠፋው መቼ ነው? በደስታ ጊዜ ነው! እንግዳ መጥቶ አልበላም ሲል «በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ!» እንላለን። እምቢ ካለ «አፈር ስሆን» እንጨምራለን። ቀልደኛ ሲያጫውተን «በሳቅ ገደለን» እንላለን። ነገራችንን እንዲያምኑን «አባቴ ይሙት» ብለን እንምላለን። በአንድ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ስንት ጊዜ «በሞቴ» እንደሚባል ብትቆጥሩ የእድራችን መዝገብ አይበቃም።

ሞት በእውነት ሲመጣ ግን ቃሉ ከአፋችን ይጠፋል። ሞተ አንልም። አረፈ፣ አለፈ፣ ተለየን፣ ጌታ ወሰደው እንላለን። ሙስሊም ወንድሞቻችን ወደ አኼራ ሄደ ይላሉ። ለሞተውም «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» ብለን እንመርቃለን፤ የከበደው እንዲቀልለት። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች ሰው ሲሞት ባልዲውን በእግሩ መታ ይላሉ፤ ፈረንሳዮች ደግሞ የሜዳ አበባ ከሥሩ ይበላል ይላሉ። የእነሱ ግን የቀልድ ነው፤ ሐዘንተኛ ፊት አይባልም። የእኛ «አረፈ» ለሐዘንተኛ የሚባል ነው፤ ምክንያቱም ቃሉ ራሱ ማጽናኛ አለበት። የደከመ ሰው ነው የሚያርፈው።

ይሁን እንጂ ይኸው መልካም ቃል አደጋ አለው። «አለፈ» ለፈተናም ይባላል፤ ልጅህ አለፈ ሲባል ደስ የሚለው አባት አለ፣ ወገቡን የሚይዝም አለ። «አረፈ»ም እንደዚያው ነው። በሰፈራችን የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አንዲት እናታችን ታመው ሌሊቱን ሲቃትቱ አድረው፣ ጧት ላይ መድኃኒቱ ሲሠራ እንቅልፍ ወሰዳቸው። የሚያስታምማቸው ወጣት ለዘመድ ደወለና «ሌሊቱን ሲሠቃዩ ነበር፤ አሁን አርፈዋል» አለ። ከዚያማ ምን ይጠየቃል! ጡሩንባ ተነፋ፣ ድንኳኑ ከዕቃ ቤት ወጣ፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን እየመቱ ደረሱ። እናታችን በጩኸቱ ነቅተው «ማን ሞተ?» አሉ።

ሳቃችሁ፤ እኛም ስቀናል። ነገር ግን የአንድ ፊደል ነገር መሆኑን አስተውሉ። «አረፍ ብለዋል» ቢል ኖሮ ማንም ነጠላውን አያዘቀዝቅም ነበር። «አረፍ አለ» የተቀመጠና የተኛ ሰው ነው፤ «አረፈ» ያልተጨመረበት እንደሆነ በሕመምተኛ ላይ አይነገርም። ወጣቱ አልዋሸም፤ የፈሊጡን ድንበር ግን አላወቀም።

የመርዶ ነገር

ከዚህ የሚከብደው የመርዶ አነጋገር ነው። የአባቶቻችን ሥርዓት የታወቀ ነው። ሩቅ አገር ዘመድ የሞተበት ሰው በድንገት አይነገረውም። ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ይመካከራሉ፤ ማታ እራቱን በልቶ እንዲተኛ ይተዉታል፤ ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው ይሄዳሉ። በሩ ሲንኳኳ፣ ገና ቃል ሳይወጣ፣ በዚያ ሰዓት የመጣውን ሰው ብዛት አይቶ ይረዳዋል። መርዶ የሚነገረው በአፍ ብቻ ሳይሆን በሰው ብዛት ነው። ደግፎ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ሳይኖር ማንም እንዳይሰማ ነው።

ሩቅ ላለው ደግሞ በደብዳቤና በቴሌግራም ሌላ ፈሊጥ ነበረ። «አባትህ ትንሽ አሟቸዋልና ቶሎ ብትደርስ መልካም ነው» ተብሎ ይጻፋል። ይህ አነጋገር ለሚያውቀው ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ አባትህ ሞተዋል ማለት ነው። «ትንሽ» የምትለዋ ቃል ናት ነገሩን የምትነግረው። ደብዳቤውን ያነበበው ሰው ልቡ እየጠረጠረ መንገድ ይጀምራል፤ በየደረሰበትም ሐዘኑን ቀስ በቀስ እየለመደ ቤቱ ይደርሳል። የጥንቱ ሰው ብልሃት ይህ ነበር።

ግን ሁሉም ሰው አያውቀውም። ከሰፈራችን ልጅነቱን ሳይጨርስ ወጥቶ በሌላ ከተማ ያደገ አንድ ልጅ ነበረ። ጎረቤቶች «አባትህ ትንሽ አሟቸዋል» ብለው ጻፉለት። ልጁ ቃሉን እንደ ቃሉ አነበበው። ከደመወዙ ቆርጦ «መድኃኒት ይግዙበት፤ በፋሲካ እመጣለሁ» ብሎ ገንዘብ ላከ። ገንዘቡ ሲደርስ የአባትየው ዐርባ አልፎ ነበር። ገንዘቡን እናትየው አልነኩትም፤ በመሐረብ ቋጥረው አስቀመጡት። ልጁም በፋሲካ ሲመጣ በግ ይዞ ነው የመጣው። እስከ ዛሬ ድረስ «አባቴን ሳልቀብር የቀረሁት በአንዲት ቃል ነው» ይላል። ማንን ይወቅሳል? ጎረቤቶቹ በደግነት ነው የጻፉት። እሱም የተጻፈለትን ነው ያነበበው። በመካከላቸው የጠፋው የፈሊጡ ትርጉም ነበር።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። ያን ጊዜ ቃሉ ከመጠን በላይ ተሸፍኖ ነበር፤ አሁን ያለ መሸፈኛ ይመጣል። ከእኛው አካባቢ ዓረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ የእናቷን ሞት የሰማችው ከሰው አይደለም። በስልኳ የእናቷን ፎቶግራፍ ከሻማ ጋር አየች፤ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ይላል። ያወጣው ሰው ለማዘን ብሎ ነው። እሷ ግን በባዕድ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን ነበረች። የሚይዛትም፣ ጎሕ ሲቀድ የሚያንኳኳም አልነበረም።

በመካከሉ ደግሞ ቃል ራሱ የጠፋበት ጊዜ ነበረ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማችን በጦርነቱ ውስጥ በነበረችበት ወራት፣ ስልኩም መንገዱም ተቋርጦ መርዶ የሚሄድበት አልነበረም። ወሬው ከወራት በኋላ ሲደርስ ብዙ ሰው ሰልስቱንም ዐርባውንም በአንድ ቀን አለቀሰ። ይህን ያየ እድር የመርዶን ነገር እንደ ቀላል ሊያየው አይችልም።

በስብሰባና በመዝገብ

አሁን ደግሞ ስለ ቃለ ጉባዔ። ፈሊጥ ለአፍ እንጂ ለመዝገብ አይሆንም። «በላ» የምትለዋን ቃል ውሰዱ። ቃሉን በላ፣ አደራ በላ፣ ጉቦ በላ እንላለን። ከስብሰባ ላይ አንዱ ተነሥቶ «የእድሩ ገንዘብ ተበላ» ቢል፣ ጸሐፊውም እንዳለ ቢጽፈው፣ ያ ቃል ከመዝገብ አይፋቅም። ምናልባት የሆነው ደረሰኝ አለመቆረጡ ብቻ ነው፤ ምናልባትም ከሂሳቡ የጎደለ ነገር አለ። እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም። «ደረሰኝ አልተገኘም» ብሎ መጻፍ ሂሳብ ያስጣራል፤ «ተበላ» ብሎ መጻፍ ግን ሰውን ከሰው ያጣላል።

እንዲሁም አባል ወርሃዊ መዋጮ ሳይከፍል ሲቀር «እጅ አጥሮኝ ነው» ይላል። ይህን «መክፈል አልፈለገም» ብሎ መመዝገብ በደል ነው። እጅ ያጠረውና እጁን የሰበሰበው አንድ አይደሉም። አንዱ እርዳታ ይሻል፤ ሌላው ምክር ይሻል።

ቋንቋው ሁለት ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው ሁለት እጥፍ ይሆናል። በዋግ ኽምራ አፉን በኽምጣንጋ የፈታ ብዙ ሕዝብ አለ። ኽምጣንጋ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ዘመዶቹም የአዊው አውኚ፣ ቅማንትኛና የኤርትራው ቢለን ናቸው። ሁሉም የየራሱ ፈሊጥ አለው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ቃል በቃል አይሻገርም። አንዲት እናት ከዝቋላ በእግራቸው ተጉዘው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። ጸሐፊው ፋይሉን ፈልጎ አጣና «እናቴ፣ ውሃ በልቶታል» አላቸው። ጠፍቷል ማለቱ ነበር። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነውና እናትየው ደንግጠው «ተከዜ ነው የወሰደው?» ብለው ጠየቁ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ወረቀቱን የያዘው ሰው ወንዝ የገባ መስሏቸው ለሰውየው እያዘኑ ነበር። እስቲ በዚያ ክፍል ውስጥ ነገሩ የገባው ማን ነበር? እኛ ስለ ወረቀት ስንስቅ እሳቸው ስለ ሰው ነፍስ አሰቡ።

ይህን የምንለው ፈሊጥ ይቅር ለማለት አይደለም። ፈሊጥ የሌለው አነጋገር ጨው እንደሌለው ወጥ ነው። ሐዘንተኛን «እግዜር ያጥናህ» ከማለት የተሻለ ምን ቃል አለ? የተቆጣን ሰው «ሆደ ሰፊ ሁን» ከማለት የሚቀልል ምን ምክር አለ? የምንለው፣ ሁሉም በቦታው ይሁን ነው።

ስለዚህ ለጉባዔው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ የእድራችን ቃለ ጉባዔ፣ የክስና የሂሳብ ጽሑፍ ሁሉ በግልጽ ቃል ይጻፍ። ተናጋሪው በፈሊጥ ከተናገረ ጸሐፊው «ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ ጠይቆ ትርጉሙን ይመዝግብ።

ሁለተኛ፤ ሩቅ ላለ የሟች ልጅ ወይም ዘመድ «ትንሽ አሟቸዋል» ተብሎ አይነገር። ኮሚቴው ሦስት ሽማግሌዎችን ይምረጥ። እነሱ በቅድሚያ እሱ ባለበት አገር ያለ ወዳጅ ወይም የአገር ልጅ ፈልገው፣ ያ ሰው በአካል ሄዶ አጠገቡ ሆኖ ይንገረው። የሚነገረውም የሟቹ ስም፣ ማረፋቸውና የቀብሩ ቀን ተለይቶ ይሁን። ቃሉ «አርፈዋል» ይሁን፤ ግን «ቀብሩ በዚህ ቀን ነው» የሚለው ይከተለው። ያኔ ማንም አይሳሳትም።

ሦስተኛ፤ የቅርብ ቤተሰብ መርዶውን መስማቱ ሳይረጋገጥ ማንኛውም አባል የሟችን ፎቶግራፍና «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ በስልክ እንዳያወጣ በመተዳደሪያ ደንባችን ይግባ።

አራተኛ፤ ኽምጣንጋ ለሚናገሩ አባሎቻችን በስብሰባና በለቅሶ ቤት በቋንቋቸው የሚያስረዳ ሰው ይመደብ። ይህ ውለታ ሳይሆን መብታቸው ነው፤ መዋጯቸው ከመዋጯችን አያንስምና።

አምስተኛ፤ ወጣቶቻችን አንድ ደብተር ይግዙና ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች የሁለቱንም ቋንቋ ፈሊጥ ይልቀሙ። አሮጌ ሰው ሲቀበር አብሮት የሚቀበር አነጋገር አለ፤ ያንን ግን እድር አያወጣውም።

ወገኖቻችን፣ ብዙ ተናገርን መሰለን። እድራችን ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት አለው፤ እነዚህን በመዝገብ ቆጥረን እንጠብቃቸዋለን። ለሐዘንተኛው ግን ከድንኳኑ በፊት የሚደርሰው ቃል ነው። ድንኳኑን እንደምንጠብቀው ቃሉንም እንጠብቀው።

ላለፉት አባሎቻችን አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው። ለእኛም ሰላሙን፣ ዝናቡን፣ ጤናውን ይስጠን።